ድሩሲላ ፀሐይ የፈራችበት በጋ

ያ በጋ ጉም የቀረበት በጋ ነበር። በእኛ በኒውፋውንድላንድ ደሴቶች ጉም ሲቀር ሰው ሁሉ ፊቱ ይፈካል፤ የተሰጣው ዓሣ ቶሎ ይደርቃል፣ ጀልባም ከድንጋይ አይላተምም። ድሩሲላ ፓርዲን ግን ሰማዩ በጠራ ቁጥር ፍርሃት ይይዛት ነበር።

ባሏ አዛርያ የመብራት ማማው ጠባቂ ነበር። እሱ ሲሞት መንግሥት መብራቱን አጠፋው። ትልቁ መስታወት ግን መርከብ መጥቶ እስኪወስደው ማማው አናት ላይ ቀረ። ያ መስታወት ሌሊት ብርሃን አጉልቶ ወደ ባሕር ይልካል፤ ቀን ደግሞ ፀሐይ ሰብስቦ እሳት ይጭራል። ለዚህ ነው ጠባቂ ሲነጋ መስታወቱን በመጋረጃ የሚሸፍነው። መብራቱን ያጠፉት ሠራተኞች መጋረጃዎቹን ይዘው ስለሄዱ ድሩሲላ የአልጋ አንሶላዎቿን ሰቀለችበት። የእንጨት ቤቷ ከማማው ጋር የተጣበቀ ነው፤ ሌላ መጠጊያ የላትም።

«አክስት ድሩሲላ፣ አዛርያ ማዕበል ሳይፈራ አንቺ ፀሐይ ትፈሪ?» ይላታል ጎረቤቷ ጋርላንድ።

«ሳቅ አንተ! ጢምህ ሲቃጠል እንተያያለን።»

አንድ እሑድ የእህቷ ልጅ ሕፃን ልጇን ልታስጠምቅ ነበርና፣ ድሩሲላ በጋርላንድ ጀልባ ወደ ማዶ ተነሣች። መንገድ አጋምሰው ዘወር ብትል መስታወቱ ራቁቱን ያብረቀርቃል።

«አንሶላዎቼን ማን አወረዳቸው?»

የጋርላንድ ጆሮ ቀላ። «ሚስቴ ሜሊታ ትሆናለች። በሰንበት አንሶላ አሰጣች ተብለሽ በጀልባ በሚያልፍ ሰው እንዳትታሚ ብላ... ለስምሽ አስባ እኮ ነው።»

«መልሰኝ!»

«ቄሱ ይጠብቁናል፣ አክስቴ።»

«መልሰኝ አልኩህ፤ አለዚያ እዘላለሁ!»

መለሳት። ሲቀርቡ ጭስ አይታይም፤ ይሄም አላጽናናትም፤ የደረቀ ሳንቃ መጀመሪያ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚነደው። ደረጃውን እየዳኸች ወጣች። ወለሉ ላይ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ የብርሃን ነጥብ ተቀምጧል፤ ዙሪያው ጠቁሯል፣ ከሥሩ ቀጭን ጭስ ይወጣል። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን አውልቃ መስታወቱ ላይ ጣለችው። ጋርላንድ ባልዲ ውኃ ይዞ ሲደርስ በውስጥ ልብሷ ቆማለች።

«ፊትህን አዙርና አፍስስ!»

ሳንቃውን ሲነቅሉት ከሥሩ ያለው አግዳሚ እንጨት ውስጡ ከሰል ሆኖ አገኙት፤ ትንሽ ቢዘገዩ ቤቷ አብሮ ሄዶ ነበር።

ሕፃኑ ያለ እሷ ተጠመቀ። ከዚያ ወዲያ መርከቡ በመከር መጥቶ መስታወቱን እስኪወስድ ድረስ ድሩሲላ ከማማው አልራቀችም። ቀኑን ሙሉ እዚያ ትቀመጥ ነበር፤ ማንንም አታምንም፣ ሜሊታ ሾርባ ብታመጣላት እንኳ በሩን በከፊል ነው የምትከፍተው። ኋላ መንግሥት ትንንሾቹን ደሴቶች ሲያስለቅቅ ከሰዉ ሁሉ ጋር አብራ ወጣች።

በመጨረሻ እንደሰማነው ማዶ፣ ሎንግ ኮቭ መንደር፣ ከእህቷ ልጅ ጋር ነበረች።