ለቆላው ተከላካይ ያወጣሁት ቀይ ካርድ

አሥራ አንድ ዓመት ፊሽካ ነፍቻለሁ። በሥራ ቀን ደብረ ብርሃን ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የእግር ኳስ ዳኛ ነበርኩ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከማንም ቡድን ሳንቲም አልተቀበልኩም። ጉቦ ያልበላ ዳኛ ትክክለኛ ዳኛ ነው ብዬ አምን ነበር።

የዚያን ዓመት የወረዳዎች ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ የደረሰው ለእኔ ነው። የከተማችን ቡድን ከአንኮበር ቁልቁል፣ ከአልዩ አምባ ከመጣ ቡድን ጋር ተገናኘ። እንግዶቹ በጭነት መኪና ተጭነው ነው ዳገቱን የወጡት። ሜዳ ሲገቡ ብርዱ ከንፈራቸውን አድርቆት፣ እጃቸውን ማሊያቸው ውስጥ ሸጉጠው ነበር። ከመካከላቸው አንድ ረጅም ተከላካይ ቡድኑን በድምፁ ይመራ ነበር። ለዞኑ ምርጥ ቡድን ተጫዋች የሚመለምሉ ሁለት ሰዎች መጥተው ስለነበር፣ ሁሉም እሱን እንደሚያዩት ያወራ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ረዳት ዳኛዬ ወደ እኔ ጠጋ አለች። በዕድሜ ታናሼ ናት፤ ብዙ የማትናገር ሴት።

«መምህር፣ ለእነሱ ሦስት ቢጫ አወጣህ። ለከተማው አንድም የለም» አለችኝ። «ስድስት ቁጥራቸው እኮ ሁለቴ ሰው ከኋላ ጠልፏል።»

«እነዚህ ኃይለኞች ናቸው» አልኳት።

«የከተማዎቹስ?»

«የእኛዎቹ ኳስ ነው የሚጫወቱት።»

ባንዲራዋን አንስታ ወደ መስመሯ ሄደች። «የእኛዎቹ» ማለቴን ያን ጊዜ ጆሮዬ አልሰማውም።

ጨዋታው አንድ ለአንድ እንደሆነ፣ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው የከተማው አጥቂ ኳስ ይዞ ወደ ግብ ገሰገሰ። ረጅሙ ተከላካይ በሸርታቴ ገባ። አጥቂው ወደቀ፤ ሜዳው ጮኸ፤ እኔም ነፋሁ። ሳላስብ ነው የነፋሁት። ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠሁ፤ ቀይ ካርድም አወጣሁ።

ልጁ ከመሬት ተነስቶ ፊቴ ቆመ። «ጋሼ፣ ወላሂ ኳሷን ነው የነካሁት! እሱን ራሱን ጠይቀው!»

አጥቂው አጎንብሶ ካልሲውን ይጎትታል።

«ውጣ!» አልኩት።

አልገፈተረኝም፣ አልሰደበኝም። ማሊያውን ሳያወልቅ እየተራመደ ወጣ። እንዲህ መውጣቱን ጥፋቱን እንደማመን ቆጠርኩት። ቅጣት ምቱ ገባ፤ ዋንጫው ከተማችን ቀረ። መልማዮቹም በቀይ ካርድ የታገደ ተጫዋች አንወስድም ብለው ስሙን ሰረዙት።

በዚያው ክረምት ለዳኞች ሥልጠና ተሰጠ። ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ የውድድሩን ቪዲዮዎች ሰብስቦ ግድግዳ ላይ ያሳየን ነበር። አንድ ቀን ድምፁንና ቀለሙን አጠፋና አንድ ተከላካይ ከኋላ መጥቶ ሰው ሲጠልፍ አሳየን። ምስሉን አቁሞ «ምን ትሰጣላችሁ?» አለ። «ቢጫ!» አልን። እኔም እጄን አውጥቼ ነበር። ምስሉ ሲቀጥል ዳኛው በሁለት እጁ «ቀጥሉ» ይላል። ክፍሉ ሳቀ። ዳኛው እኔ ነበርኩ፤ የጠለፈውም የከተማችን ስድስት ቁጥር።

ቀጥሎ የቆላውን ልጅ ሸርታቴ ከፈተው። እግሩ ኳሷን ሲነካ፣ ኳሷ አቅጣጫ ስትቀይር፣ አጥቂው ከዚያ በኋላ በእግሩ ላይ ሲወድቅ በግልጽ ይታያል። ማንም አልሳቀም። ረዳት ዳኛዬ ሁለት ወንበር ርቃ ተቀምጣ ነበር፤ ዞራ አላየችኝም።

አሠልጣኙ ስሜን ሳይጠራ «ይሄ ዳኛ ሌባ አይደለም» አለ። «ተከላካዩ ገና ኳሷ ጋ ሳይደርስ ጥፋት ጠበቀ፤ የጠበቀውን ነው ያየው።»

ሌባ ቢለኝ እከራከር ነበር። ይሄ ግን የልጅነቴን ቤት አስታወሰኝ። እናቴ ከቆላ የመጣ ነጋዴ ባየች ቁጥር «ቆለኛ ቁጡ ነው፤ አትጠጉት» ትለን ነበር። ሳድግ ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር። በዚያ ሳምንት የድሮ የጨዋታ ሪፖርቶቼን አውጥቼ አገላበጥኩ። ከደጋ ከመጡት፣ ከሰላ ድንጋይ ልጆች ጋር ስሆን ካርዴ ከኪሴ አይወጣም። ቆለኞች ሲመጡ ገጹ በቢጫ ይሞላል። «ኃይለኛ አጨዋወት» የሚለውን ቃል በራሴ እጅ፣ በራሴ ጽሑፍ፣ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አይቼ አፈርኩ።

ለውድድሩ ኮሚቴ ስህተቴን በደብዳቤ ገለጽኩ፤ የልጁ ቅጣት እንዲነሳም ጠየቅኩ። ሰብሳቢው ደብዳቤውን አንብቦ አጠፈው።

«ያለቀ ጨዋታ ነው መምህር። ሕዝቡ ደስ ብሎታል። ምን ልትቆሰቁስ ነው?»

ስለዚህ በገበያ ቀን አልዩ አምባ ወረድኩ። ልጁን ከበርበሬ ጆንያዎች መሃል ከአባቱ ጋር አገኘሁት። አየኝና ወዲያው አወቀኝ። አባቱ «ማነው?» ሲሉት «ዳኛው» ብቻ አለ። አዛውንቱ በርጩማ ሰጡኝ፤ አልተቀመጥኩም። ቪዲዮውን ማየቴን፣ ኳሷን መንካቱን፣ መሳሳቴን ነገርኩት።

«ስንት ሰጡህ?» አለኝ።

«ማንም ምንም አልሰጠኝም።»

«ወላሂ?»

«እውነቴን ነው። ሳላውቀው ነው ያደረግኩት።»

ራሱን ነቀነቀ። «ብር በልተህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰው ዳኛ ገዝቶብኝ ነው እል ነበር። አንተ ግን በነፃ ነው የፈረድክብኝ።»

«ይቅርታ» አልኩት።

«ዘንድሮ ተጫወት ሲሉኝ እንቢ አልኩ» አለ። «ዳገቱን ወጥቼ ምን ላገኝ? አሁን ገበያተኛ አለብኝ ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።» ዞሮ አንዲት ሴት በርበሬ አሳያት። አባቱ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። «ደህና ግባ» ብለውኝ ወደ ጆንያዎቻቸው ተመለሱ።

ዳኝነቱን ተውኩ። ረዳት ዳኛዬ ዛሬ ዋና ዳኛ ናት፤ «ስህተቱን ያወቀ ዳኛ ካላወቀው ይሻላል፣ ተመለስ» ብላ ለምናኛለች። ልክ ሳትሆን አትቀርም። እኔ ግን አሁንም የማላውቀው ልጅ ሜዳ ሲገባ፣ ገና ኳስ ሳይነካ፣ ከየት እንደመጣ ከመልኩ ስገምት ራሴን አገኘዋለሁ።