ፀሐይ የጨለመች ዕለት

ትናንት የጎረቤቴ በር፣ ልጅቷ ውስጥ እያለች፣ ከውጭ ሲቆለፍ ሰማሁና ደሜ ፈላ።

ልጅ ሳለሁ በከተማችን በሐይቅ ፀሐይ ልትጨልም ሆነ። መምህራችን፣ ሳይንቲስቶች እንዲህ ያለውን ቀን ፍለጋ ባሕር ተሻግረው፣ በፀሐይ አጠገብ የሚታዩትን ከዋክብት ፎቶ አንስተው፣ ስበቷ ብርሃን እንደሚያጎብጥ ማረጋገጣቸውን ነገሩን። መከላከያ መነጽር ይዘውም ሐይቁ ዳር ቀጠሩን።

አባቴ ወንድሜን ልኮ እኔን ግን ቤት ውስጥ ቆለፈብኝ።

«ወላሂ፣ አባዬ፣ መነጽር አለ!»

«ወንድ ቢታወር ሚስቱ ትመራዋለች፤ ሴት ብትታወር ማን ያገባታል?»

ማግባት ከፀሐይ ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም። ቤቱ ሲደበዝዝ በሩን በእርግጫ መታሁት።

ወንድሜ ሲመለስ «እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ኳስ ስንጫወት አለፈ» አለኝ።

ዛሬም ነገሩ ሲነሳ እሱ ይስቃል። እኔ አልስቅም።