ከቡሬ በሆዴ የመጡ ጫጩቶች

በእኛ መንደር ዛሬ ሲነጋ የሚጮኸው አውራ ዶሮ ሁሉ የኔ ዶሮ ዘር ነው ስል ልጆቼ ይስቃሉ። ይሳቁ። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። ጣልያን አገራችንን በያዘ ዘመን፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው መንደራችን የአውራ ዶሮ ድምፅ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ፍኖተ ሰላምም ያኔ ገና በዚህ ስሟ አልተጠራችም፤ ወጀት ነበር የምንላት። የጠፋውን ዶሮ ወደ መንደሩ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በአንዲት ድንክ ዶሮ።

ዶሮዋን የሰጠችኝ እናቴ ናት። ስዳር ከጓዜ ጋር በቅርጫት አድርጋ አንዲት ጫጩት ሰደደችልኝ። ጫጩቷ አደገች፤ አደገች ማለት እንኳ ይከብዳል፣ ሁለት እጅ ሲገጠም መሀሉ ትገባለች። አማቴ ባዩዋት ቁጥር ያሾፉ ነበር። ይቺን አርዶ ለመብላት መጀመሪያ ኩራዝ አብርቶ መፈለግ ነው፣ የናትሽ ቤት ዶሮ ቢያልቅ ድንቢጥ ላኩልሽ ወይ ይሉኛል። አማቴ ምላሳቸው ስለት ነው። እኔም የዋዛ አልነበርኩም፣ ግን ለአማት አይመለስም፤ ዋጥ አደርገዋለሁ።

ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ ባሌ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ። ከመንደሩ ወንዶች የመጀመሪያው ባይሆንም ስሙ ቶሎ ተሰማ። ይህን ስናገር ዛሬም ደረቴ ይነፋል። ስሙ በመሰማቱ ግን ወታደር መጣብን። መጡ ሲባል ሰው ሁሉ ያገኘውን እየያዘ ወደ ወንዙ ሸለቆ ሮጠ፤ ማን ድስቱን፣ ማን ዘሩን፣ ማን ጥጃውን። እኔ ዶሮዬን ብብቴ ሥር ወሽቄ ሮጥኩ። አማቴ እየሮጡ ዞር ብለው አዩኝና፣ ቤት እየተቃጠለ ወፍ ይዞ የሚሸሽ ሰው ዛሬ አየሁ ብለው ተቆጡኝ።

ስንመለስ የመንደሩ ጎጆ ግማሹ አመድ ሆኗል። በየደጁ ላባ ተበትኗል፤ ወታደሮቹ ያገኙትን ዶሮ ሁሉ አርደው በልተውታል። በመንደሩ በእግሯ የምትሄድ ዶሮ የኔዋ ድንክ ብቻ ሆነች። ሴቶቹ ሊያዩዋት እየመጡ ከንፈራቸውን ይመጥጡ ነበር። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና ብዬ መሄድ ጀመርኩ፤ ምን ይደረግ፣ ባለ ዶሮ እኔ ብቻ ነኛ።

የቀጣዩ ዓመት ሁዳዴ ሲጋመስ ዶሮዬ ማቀፍ አማራት። ላባዋን ነፍታ ጎታው ሥር ተኛች፤ ሲነኳት ትነክሳለች፣ አልነሳም አለች። ግን ምን ልትታቀፍ? በአገሩ አውራ ዶሮ የለም። አውራ ያላየው እንቁላል ወር ሙሉ ቢታቀፉት ይገማል እንጂ ጫጩት አይወጣውም። ስለዚህ ለአማቴ እናቴን ልጠይቅ ብዬ ወደ ቡሬ ወረድኩ።

የእናቴ ቤት ቡሬ ዳር ነበር። እዚያ ያሉትን ዶሮዎች ጣልያኖቹ አልጨረሷቸውም፤ እንቁላላቸውን ይፈልጉታል። ሁዳዴ ሲገባ እኛ እንቁላል ስለማንቀምስ በየቤቱ ይጠራቀማል። ይህን ስላወቁ በጾሙ ወራት ያለው እንቁላል ሁሉ ወደ ካምፑ እንዲገባ፣ ከከተማው አንድም እንዳይወጣ አዝዘው ነበር። መውጫው ላይ ባለው ኬላ ቅርጫት ይፈተሻል፣ ቅል ይገለበጣል፣ በእህሉ ከረጢት ውስጥ እጅ ይገባል። ይዞ የተገኘ ይታሰራል።

እናቴ ነገሩን ስነግራት ያጠራቀመችውን እንቁላል ሁሉ አወጣች። ከዚያ ያልቆየውን፣ ቅርፊቱ ያልሻከረውን እየመረጠች እንቁላሉን በጎዶሎ ቁጥር ለየችልኝ፤ በሙሉ ቁጥር ዶሮ አይታቀፍም። እያንዳንዱን በባዘቶ ጠቀለለች፣ በአሮጌ ነጠላ አድርጋ ሆዴ ላይ ደረደረች፣ በመቀነት አጥብቃ አሰረችኝ። ቀሚሴን ስለብስ የደረሰች እርጉዝ መሰልኩ። እናቴ ግቢው ውስጥ አመላለሰችኝና ሳቋን መያዝ አቃታት። እንዴት እንደምሄድ መማር እንኳ አላስፈለገኝም፤ እንቁላል ከተናጠ ጫጩት ስለማይሆን የግዴን ቀስ እያልኩ ነው የምራመደው።

ኬላው ላይ የቆመው ዘብ የጣልያን ልብስ ይልበስ እንጂ ያገሬ ሰው ነው። ሆዴን አየና ቅርጫቴን ሳይነካ በሽልም ያውጣሽ ብሎ አሳለፈኝ። አሜን አልኩ። ይህን ምርቃት ሰምቶ አሜን የማይል አፍ እኛ ዘንድ የለም። ጉዱ የመጣው ከኋላዬ ነው፤ አንዲት የመንደራችን ሴት ተሰልፋ ኖሯል። ደስ ብሏት እሷም መረቀችኝ። ዘቡ ጆሮ ሥር ሆኜ እንቁላል ነው አልላት ነገር፤ አሁንም አሜን አልኩ። ከኬላው ስንወጣ እሷ በፍጥነት ቀደመችኝ፣ እኔ እንቁላሌን እያስታመምኩ ወደ ኋላ ቀረሁ። ወሬው ከኔ ቀድሞ መንደር ገባ።

እኔ ምኑንም አላወቅሁ። ቤት ስደርስ አማቴ ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ እንቁላሉን ፈትቼ ጎታው ሥር፣ በጭዱ ላይ ዶሮዬን አሳቀፍኳት። በዚያች ድንክ ገላዋ ክንፎቿን ዘርግታ ሁሉንም ሸፈነቻቸው። አማቴ ሲመለሱ የራሷን ባዶ እንቁላል የታቀፈች መስሏቸው፣ ዶሮሽና አንቺ አንድ ናችሁ፣ አርፋችሁ አትቀመጡም አሉኝ። እኔም ጫጩቱ ሲወጣ ያዩታል ብዬ በሆዴ ያዝኩት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጣልያን የሾመው ጭቃ ሹም ሁለት ጠመንጃ ያዦች አስከትሎ መጣ። ደጅ ላይ ቆሞ ለአማቴ ነገራቸው። ምራትዎ ቡሬ ኬላ ላይ ሆዷ ገፍቶ ታይታለች፣ ዛሬ ሆዷ ጎድሎ ባየውም ወልዳ ልጁን ደብቃችሁት ይሆናል፣ ባሏ ዱር ከገባ ዓመት አልፎታል፣ ስለዚህ ልጅዎ ማታ ማታ ቤት ይመጣል፤ በየትኛው ቀንና በየት በኩል እንደሚመጣ ይንገሩኝ አላቸው።

አዎን ብል ባሌን አድፍጠው ሊገድሉት ነው። አይደለም ብል የሌላ ሰው ልጅ ያረገዘች ልባል ነው፤ በዚያ ዘመን በኛ አገር ከዚህ ስም ሞት ይሻላል። አማቴ ዞረው አዩኝ። የቀሚሴን ወገብ አዩ፣ ፊቴን አዩ። ስለ እንቁላሉ አንዳች የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

"ምራቴን እኔ አውቃታለሁ" አሉት። "ነውር ከቤቴ አልገባም። ልጄም ከቤቴ አልገባም። ሌላ የምትፈልገው ካለ ጠይቀኝ።"

ያን ቃል የተናገሩት ምንም ሳያውቁ ነው። ያቺ ወፍ እያሉ ሲያሾፉብኝ የከረሙት ሴት፣ እኔን አንድ ቃል ሳይጠይቁ እንዲህ አሉልኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው እንባዬ ይመጣል።

ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። ሆዴ ላይ የነበረው እንቁላል መሆኑን ከነባዘቶው፣ ከነመቀነቱ ነገርኩት። የቀለድኩበት መስሎት ተቆጣ። መርቼ ወደ ጓዳ አስገባሁትና ዶሮዋን አሳየሁት፤ እጁን ቢሰድድ ነከሰችው። ዶሮ መታቀፏ ምን ይገርማል፣ እንቁላል የትም ይገኛል አለ። አማቴ ግን ነገሩ ወዲያው ገብቷቸዋል። በዚህ አገር አውራ ዶሮ ካየህ ስንት ጊዜህ ነው ብለው ጠየቁት። ጭቃ ሹሙ ለጣልያን ይደር እንጂ የገበሬ ልጅ ነው፤ አውራ ያላየው እንቁላል ጫጩት እንደማይሆን ያውቃል።

"እንግዲያው ጫጩት ከወጣ እውነቷን ነው" አለ። "ካልወጣ ሁለታችሁም ቡሬ ትወርዳላችሁ። እዚያ የሚጠይቃችሁ ሰው እንደኔ አይለምናችሁም።"

ከዚያ ወዲያ ያቺን ዶሮ የያዝናት ያዝ ነው። አማቴ መኝታቸውን ጓዳ አጠገብ አደረጉ። ለመጠጣት ስትነሳ እንቁላሉ እንዳይበርድ ነጠላቸውን ያለብሱታል። ጥሬ የምትለቅመው ከእጃቸው ሆነ። ሚያዝያ ሲገባ ደግሞ ሰማዩ ጠቆረና ይነጉድ ጀመር። ነጎድጓድ የታቀፈ እንቁላል ያገማል ይባላል፤ አማቴ ብረት ይመክትለታል ብለው ማጭዳቸውን አምጥተው ጭዱ ውስጥ ቀበሩ፣ ከሰልም ጨመሩበት፣ ማርያም ማርያም እያሉ አጠገቧ ተቀመጡ። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር እኔን አይቆጡም፣ ሰማዩን ነበር የሚቆጡት።

የሆሳዕና ማግስት ጆሮዬን ወደ ጭዱ ሳስጠጋ ከቅርፊቱ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። አማቴን ጠራሁ፤ እሳቸውም ሰሙ። ጭቃ ሹሙን አስጠሩት። ሕማማት ስለነበር እንደምን አደራችሁ የሚል የለም፤ መጥቶ ቀጥታ ጓዳ ገባ፣ እኛም ተከተልነው። ዶሮዋ ብድግ ስትል እርጥብ ጫጩት ከሥሯ ተንከባለለ። ቀጥሎ ሌላው ቅርፊቱን በአፉ ሲወጋ በዓይናችን አየን። ጭቃ ሹሙ ቁጢጥ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ። ሲነሣ ስለ ኬላውም፣ ስለ እንቁላሉ ክልከላም አልተናገረም። ለቡሬ ሰዎች ልጅየው ቤት አይመጣም ብሎ እንደሚነግር ብቻ ነግሮን ሄደ።

ሁለቱ ገምተው ቀሩ እንጂ ሌላው ሁሉ ወጣ። ለፋሲካ ማንም ዶሮ አላረደም፣ ግን መንደሩ ሁሉ ጓሯችን ሊያያቸው መጣ። እናቲቱ ከጎመኑ ሥር እየጫረች ትጠራቸዋለች፤ እኔ ከኩይሳው ምስጥ በቅል እያመጣሁ እበትንላቸዋለሁ። የትልልቅ ዶሮ ልጆች ስለሆኑ በወር ከምናምን ጊዜ እናታቸውን አከሉ፣ ቀጥሎም በለጧት። እሷ ግን ቁመቷን ረስታ፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ እነዚያን ግንድ ግንድ የሚያካክሉ ልጆች ክንፏ ሥር ልትከት ትታገላለች። ከግማሽ በላዩ ውጭ ቀርቶ እንኳ አልተዋቸውም ትላለች። እንደሷ የኮራሁበት ከብት የለኝም።

ሲጎረምሱ ለየቤቱ በርቢ ሰጠን፤ የሚያሳድገው ሰው ከሚፈለፈለው ግማሹን ይወስዳል፣ ግማሹን ለኛ ያመጣል። ስናከፋፍል ለየትኛው ቤት ይድረስ የሚለውን አማቴ ለኔ ተዉልኝ። ያቺ አሜን ያስባለችኝ ጎረቤት አፍራ ሳትመጣ ብትቀር፣ ቤቷ ድረስ ሄጄ አንዲት ቄብ ዶሮ ሰጠኋት። ክፉ አላሰበችም፤ ደስ ብሏት ነው ያወራችው።

ክረምቱ ሲገባ ቤታችንን የሚያየው ዓይን አልነበረም፤ ጭቃ ሹሙ አይመጣም ብሏላ። ባሌ በዚያ ዝናብ መጣ። አንዴም አይደለም የመጣው። እህሉ ሲታጨድ ሆዴ እውነተኛ ሆድ ሆኖ ብቅ አለ። እኔ ፈርቼ ከቤት አልወጣም ብል አማቴ እምቢ አሉ። በቀን፣ በዋናው መንገድ፣ ሆድሽን አስቀድመሽ ሂጂ ብለው ክንዴን ይዘው ወጡ።

ጭቃ ሹሙን መንገድ ላይ አገኘነው። ሆዴን አይቶ ከት ብሎ ሳቀ።

"ዘንድሮም?" አለ። "አገሩን ሁሉ ዶሮ ልታደርጊው ነው?"

"ምን ላድርጋት፣ ለመደባት" አሉት አማቴ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ። እየሳቀ አለፈን። አማቴ እስከ ቤታችን ደጅ ክንዴን አልለቀቁም።

ልጄ የተወለደው ጣልያን ቡሬን ለቆ በሄደ ሰሞን ነው። ባሌ ያን ዕለት በጓሮ አልመጣም። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በፊት ለፊቱ በር ገብቶ ልጁን ከአማቴ እጅ ተቀበለ።