ቁልቁለት የምትወድ ማኪና

የአጎቴ ማኪና ባትሪዋን አትሞላም ነበር። እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረስኩትን ይህን ነገር የጎንደር ጋራዦች ዓመታት ፈጅተውበታል። አንዱ ባትሪው አርጅቷል አለ፤ ተቀየረ። ሌላው ገመዱ ላልቷል ብሎ አጠበቀ። ሦስተኛው ዲናሞውን የሚያሽከረክረው ቺንጋ የሚሉት ቀበቶ ይንሸራተታል ብሎ ወጠረው። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ማኪናዋ ጥቂት ቀን ጨዋ ትሆናለች። ከዚያ መብራቷ ይደበዝዛል፣ ጥሩምባዋ ይሰልላል፣ በመጨረሻም ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ብላ ዝም ትላለች።

አንድ ኤሌክትሪሽያን ግን ሞተሩን አስነስቶ ባትሪውን ለካና እቅጩን ተናገረ። «አያ፣ ባትሪው ምንም አላጠፋም። እሱን የሚሞላው ዲናሞው ነው፤ ዲናሞው አብቅቶለታል። ይቀየር።» አጎቴ ዲናሞውን መቀየር ትቶ ጋራዡን ቀየረ። ዲናሞው ከፋብሪካ አብሯት የመጣ ስለሆነ የሚነካው ሁሉ ሌባ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ዳሽቦርዱ ላይ አልጠፋ ያለችውን ቀይ የባትሪ ምልክትም በራሱ ጥበብ ጠገናት፤ የመልአክ ሥዕል ለጠፈባት። ከዚያ ወዲህ መልአኩ ከጀርባው ቀይ እየበራለት፣ አጎቴም «ይኸው ጠፋች» እያለ ይነዳ ነበር።

እንግዲህ ማኪናዋ የምትነሳው በቁልቁለት ብቻ ሆነ። አጎቴ ቁልቁል ይለቃታል፣ ማርሽ ያስገባል፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሲያደርግ እየተንገጫገጨች ትነሳለች። ጎንደር ለዚህ የተፈጠረች ከተማ ናት። ቀስ በቀስ አጎቴ ሰውን በዝምድና መለየት ትቶ በዳገት ይለይ ጀመር። ዳገት ላይ ሰው ሲሞት ከለቀስተኛው ሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሜዳ ላይ የሚሞት ግን የራሱ ጉዳይ ነው። በጥምቀት እንኳ ታቦት ወደሚወርድበት ቀሐ አይወርድም፤ ወርዶ ማን ያወጣዋል? ዳገቱ ላይ አቁሞ ታቦቱን ከሩቅ ይሳለማል። እኔ አንዲት የአዘዞ ልጅ ማየት ስጀምርም «ምነው ልጄ፣ አዘዞ እኮ ሜዳ ነው» ብሎ መክሮኛል።

ስለዚህ ዳገት ላይ ካለው ቁስቋም አጠገብ የምትኖር ሌላ ልጅ መውደዴን ሲሰማ ከእኔ በላይ ተደሰተ። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ልጅቷን ከልቤ ወድጃታለሁ፤ አባቷ ደግሞ ሽማግሌ በመመለስ የታወቀ ሰው ነው። አጎቴ «ሽምግልናውን የምመራው እኔ ነኝ» አለ። በእግር ሂዱ ቢባል አሻፈረኝ አለ፤ በማኪና የመጣ ይከበራል። የንስሐ አባታችንና አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ተጨመሩ። ሦስቱ ተባብረው አንዲት ባዶ በርሜል አይገፉም። ድንገት ብትቆምስ? ተመከረና፣ በወጉ በዚያ ደጅ ዝር ማለት የማይገባኝ እኔ፣ ከኋላ ዕቃ በሚጫንበት ጋቢ ተሸፍኜ እንድተኛ ተፈረደብኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። አጎቴ ከበሩ ውጭ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጎ አቆማት፤ ሸጋ ቦታ ነበር። ዕቅዱን ያበላሸው ደግነት ነው። የልጅቷ አባት በሩን ብርግድ አድርጎ ከፍቶ ወጣ።

«ኧረ ግቡ! የእኔ እንግዳ ማኪና መንገድ ላይ አይቆምም።»

«እዚሁ ይበጀናል» አለ አጎቴ።

«ነውር ነው!»

ነውር ከተባለ ወዲያ ክርክር የለም። ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ ውኃ ቢደፋበት ወዴት እንደሚፈስ ይቸግረዋል። አጎቴ ገብቶ እንደ ልማዱ ፊቷን ወደ በሩ አዞረና ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

«ምነው፣ ሳትገቡ ልትሄዱ ነው? አጥፉት እንጂ» አለ ሰውየው።

አጠፋው። ጋቢው ሥር ሆኜ ጸጥታውን ስሰማ እጅጌዬን ጠቀለልኩ።

ቤት ውስጥ የሆነውን በኋላ ነገሩኝ። የእኛዎቹ በወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፤ አባትየውም በወጉ «እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» አለ። እሺም እምቢም አላለም። የቀረው በክብር መሄድ ብቻ ነበር፤ መሄድ ግን የማኪናዋ ፈቃድ ነው። አጎቴ ቁልፉን አዞረ። ቀጭ። ደግሞ አዞረ። ቀጭ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«ብርዱ ነው» አለ አጎቴ፣ ፀሐይ አናቱን እየበሳችው።

ቄሱ ሊወርዱ ሲሉ አባትየው «ካህን ማኪና አይገፋም» ብሎ አስቀመጣቸው። ጎረቤታችንም ሳይለመኑ ተቀመጡ። ለሽማግሌዎቹ ማኪናዋን የሚገፋላቸው እንግዲህ ያው «ሌላ ቀን» ብሎ የመለሳቸው ሰው ሆነ። ኩታውን አስቀምጦ ከልጅቷ ታላቅ ወንድም ጋር ከኋላ ተደገፈ። ትንፋሹን እሰማለሁ። ወጥቼ ልግፋ ወይስ ዕቃ መስዬ ልቅር?

«ምነው እንዲህ ከበደች? ምን ጭናችኋል?»

«ምንም» አለ አጎቴ።

ያን ጊዜ «ምንም» የተባልኩት እኔ አስነጠሰኝ።

የኋላው በር ተከፈተ፤ ጋቢው ተገለጠ። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ልጁ ይኼ ነው?»

«እሱው ነው» አሉ ቄሱ ከውስጥ።

«ታዲያ ምን ያስተኛሃል? ግፋ!»

እንደዚያ ቀን ገፍቼ አላውቅም። ከእፍረት ብዛት ብቻዬን የገፋኋት ይመስለኛል። ማኪናዋ ከበሩ ወጥታ ቁልቁለቱን ስታገኝ ተንደረደረች፣ ተንገጫገጨች፣ ጥቁር ጭሷን ፊታችን ላይ ተፋችና ተነሳች። አጎቴ ማቆም አይችልም፤ ካቆመ ትጠፋለች። በመስኮት እጁን አወዛወዘ፣ ቄሱ በመስቀላቸው ባረኩን፣ ሽማግሌዎቼ እንዳሉ ቁልቁል ወረዱ።

ወንድሟ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ቤት ገባ። በሩ ላይ እኔና አባቷ ቀረን። ጥላሸቱን ከግንባሩ ጠረገ።

«ሽማግሌዎችህ ሄዱ» አለኝ። «በል እንግዲህ፣ ራስህ ተናገር።»

ለዚህ ሥርዓት አልተሠራለትም። ቄሱ ያዘጋጁትን ምሳሌ ሁሉ ይዘውት ሄደዋል። የቀረኝን ተናገርኩ።

«ልጅዎን እወዳታለሁ።»

በአባት ፊት ይህን የተናገረ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ የገዛ ጆሮዬ ደነገጠ። ሰውየው ማኪናዋ ወደ ወረደችበት ዞሮ የተወችውን ጭስ አየ።

«የራስህ ማኪና አለህ?»

«የለኝም።»

«እግዜር ይመስገን» አለ። «ግባ።»