ኩርንችት ሲያብብ

የሁሪያ ባል ረዲ የሞተው ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ነው፤ በዚያው ምሽት አዲስ ጨረቃ ታየች። ይህን ቀን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች። ከቤቷ አትርቅም፣ አትኳልም፣ ሽቶ አትነካም፣ ለጋብቻም አትጠየቅም። ሁሪያ በዚህ አላጉረመረመችም። ረዲን ትወደው ስለነበር ውጪ ብትባልም አትወጣም ነበር። እግር ከወርች ያሰራት ሌላ ነው።

የረዲ ታላቅ ወንድም ዓሪፍ ግራና ከተማ ገበያው ላይ ሱቅ አለው፤ ሚስትም አለችው። ሐዘንተኛው ገና ከድንኳን ሳይወጣ «የወንድሜ ቤት አይበተንም» አለ። ቤት ሲል ቤቱን ማለቱ ነው፣ ቦዩ ዳር ያለውን የሽንኩርት ማሳ ማለቱ ነው፣ ሁሪያንም ከዕቃው ጋር አንድ ላይ ማለቱ ነው። እሷን የጠየቃት የለም። ጠዋት ጠዋት አንድ ኪሎ ስኳር አንጠልጥሎ ይመጣል፣ በሩ ላይ ቆሞ እናቱን ነኢማን ደህንነቷን ይጠይቃል፣ ከዚያ ማሳውን ዞር ዞር ብሎ አይቶ ይሄዳል። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ እሱን መጥላቱ ይቀላት ነበር።

ነኢማ ምራቷን ከዓይኗ አታርቅም። ውሃ ልትቀዳ እንኳ ስትነሳ «የት ነው ልጄ?» ትላታለች። ወሬውንም የነገረቻት እሷው ናት፤ ምሥራች የነገረቻት መስሏት።

«ዓሪፍ የግድግዳው ካላንደር ላይ መጋቢት ሃያ ሁለትን በእስክሪብቶ ከቧታል። ዒዳሽ በሷ ያልቃል። በነጋታው ሽማግሌዎቹ ቆላ ወርደው ወንድምሽን ይጠይቁልሻል። ለሰው እጅ አልሰጥሽም ብሏል እኮ፣ አላህ ይስጠው።»

«አሚን» አለች ሁሪያ። ሌላ ምን ትበል? ቤቱ የአማቷ፣ ማሳው የባሏ ወገን ነው፤ የዘጠኝ ዓመቷ ልጇ ኢብቲሳም የምትተኛው አያቷ ጉያ ነው። የሁሪያ አባት ስለሞተ እሷን ለባል የሚሰጣት ወንድሟ ሙባረክ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ኔትዎርክ የማይደርስበት ቆላ ውስጥ ከብት ያረባል። ሽማግሌ ቀድሟት ከደረሰ ሙባረክ እምቢ አይልም። ሙባረክ በዕድሜው ሽማግሌ ፊት እምቢ ብሎ አያውቅም።

የበልጉ ዝናብ ዘንድሮ አልከዳም። በጓዳዋ መስኮት በኩል የሚታየው ቆላ፣ ዓመቱን ሙሉ አመድ የሚመስለው፣ በመጋቢት ቢጫ ሆነ። በየዓመቱ በዚህ ጊዜ ከረዲ ጋር ከብቶቹን እየነዱ በዚያ መንገድ ይወርዱ ነበር። ረዲ ከኋላ እያዜመ፣ እሷ ከፊት፣ አበባው እስከ ቁርጭምጭሚት። አሁን መስኮቱ ሁለት ስንዝር ነው፤ ቆላውም በሁለት ስንዝር ልክ ይታያታል። አንዳንድ ቀን ከማየቱ አለማየቱ ይሻላል ብላ መጋረጃውን ትለቀዋለች።

ከዒድ በኋላ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች ሳለ እጇ ቆመ። ዒዳ የሚቆጠረው በጨረቃ ነው! ረዲ በሞተበት ምሽት የታየችው አንድ ወር፣ ከሷ ቀጥሎ ሁለት ወር፣ አራተኛው ረመዳን። ረመዳን ያለቀ ዕለት አራቱ ወር ሞላ። ከዒድ ጀምሮ አሥር ቀን ብትቆጥር መጋቢት ሃያ ላይ ታርፋለች። ዓሪፍ የቆጠረው ግን በሱቁ ካላንደር ነው፣ እያንዳንዱን ወር ሠላሳ እያደረገ። ዱቤ የሚሰበስብበትን ቀን የሚያይበት ካላንደር የሷንም ዒዳ ቆጠረለት። ሁለት ቀን ተርፏታል፤ ሁለቱን ቀን ከሷ በቀር የሚያውቃቸው የለም።

መጋቢት ሃያ አንድ፣ ነኢማ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጋደም ስትል፣ ሁሪያ ልጇን ቀሰቀሰቻት። «አያትሽ ከጠየቀችሽ ብቻ፣ ሙባረክ አጎቴ ጋ ሄደች በያት። ነገ እመጣለሁ» አለቻትና ወጣች።

የመጀመሪያው ሰዓት መንገድ አልመሰላትም። መቶ ምናምን ቀን በአራት ግድግዳ መሀል የከረመ እግር ሜዳ ላይ ይደናበራል፤ ሰፊው ነገር ያስፈራዋል። ቁልቁለቱን ስትጨርስ ቁልቋሉ ቢጫ ጉትቻውን ሰክቷል፣ እሬቱ ቀይ ጦሩን አቁሟል፣ ግራሩ ላይ ንብ ይጮሃል። ከግራሩ በታች ደግሞ ምድሩ ሁሉ ኩርንችት ነው፤ እግዜር ያውቃል፣ እንዲህ የሚያምር ነገር ፍሬው እሾህ ባይሆን። ዝናብ ሲያገኝ በሳምንት ውስጥ በረሃውን ቢጫ ምንጣፍ ያለብሰዋል፤ የረገጠው ግን እሾሁ የኮንጎ ጫማውን አልፎ ሲወጋው ነው የሚያስታውሰው። ሁሪያ ሦስት ጊዜ ተቀምጣ ነቀለች። ሦስተኛው ላይ አለቀሰች። ለእሾሁ አይደለም። «ረዲ» ብላ ጮክ ብላ ጠራችው፤ በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጮክ ብላ አልጠራችውም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ፀሐዩ ነው። ጥላ የለ፣ ሰው የለ። እየሮጠች ይሁን እየተባረረች አላወቀችም፤ ዞር ባለች ቁጥር ተራራው እዚያው ነው፣ ከተራራው ሥር ልጇ። የትም ብትደርስ ነገ ወደዚያው እንደምትመለስ ታውቃለች።

ከቀትር በኋላ፣ የአሱር ሶላት ሲቃረብ፣ የሙባረክ የእሾህ አጥር ታየ። ወንድሟ ከሩቅ ለይቷት እጆቹን ዘርግቶ ወጣ።

«እታለም! በእግርሽ? ብቻሽን? ዒዳሽስ?»

«ትላንት ማታ አለቀ፣ ወንድምዓለም። ቀድሜ ልንገርህ ብዬ...»

ቃሉን አልጨረሰችውም። በአጥሩ ውስጥ፣ ግራሩ ላይ፣ አንዲት ዳለቻ ጊደር ታስራ ቆማለች። ግራ ጆሮዋ ተሸንቁሯል። ያን ጆሮ የሸነቆረችው ሁሪያ ናት፤ እናቷ ስትሞትባት በጡጦ ያሳደገቻት ሁሪያ ናት። ጥር ላይ ዓሪፍ «ለግጦሽ ቆላ ልኬያታለሁ» ብሏት ነበር። አልዋሸም።

«ይህች ምን ትሠራለች እዚህ?»

ሙባረክ መሬት መሬት አየ። «ዓሪፍ ነው የላካት። አልታጨሽም፣ ወላሂ። አደራ አስቀምጥልኝ፣ ከዒዳዋ በኋላ እንነጋገራለን ነው ያለኝ።»

«ተቀበልክ?»

«ሽማግሌ ላከብኝ፣ እታለም። ምን ልበል?»

በገዛ ጊደሯ ነው የተጠየቀችው። ሙባረክ ወተት አቀረበላት፣ እግሯን አጠበላት፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቀመላት፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም። እሷም አልተቆጣችውም። ወንድሟ ከሷ ባላነሰ ታስሯል፤ ልዩነቱ እሱ እንደታሰረ አለማወቁ ነው።

ሲነጋ ጊደሯን ፈታች።

«ሁሪያ፣ ምን ልታደርጊ ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

«አደራ ነው አላልክም? አደራውን ላስቀመጠው ሰው ልመልስልህ ነው። አንተ እምቢ እንድትል አልለምንህም። ዝም በል ብቻ፤ እሱን ትችልበታለህ።»

በዚያው በቢጫው ምንጣፍ ላይ ወጣች፣ አሁን ሽቅብ። ጊደሯ አበባውን እየነጨች ትዘገያለች፣ ሁሪያም ትጠብቃታለች። ዕለቱ ዓሪፍ የከበባት መጋቢት ሃያ ሁለት ናት።

ግራና ስትገባ ሰው ከአሱር ሶላት እየወጣ ነው። ነገ ቆላ ሊወርዱ የተሰናዱት ሽማግሌዎች መስጊዱ በር ላይ ቆመዋል፤ ዓሪፍ መሀላቸው። ሁሪያ በገበያው መሀል፣ ጸጉሯ ላይ አቧራ፣ እጇ ላይ ገመድ፣ ቀስ ብላ አለፈቻቸው። የመለሰችው ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው አልነበረም፤ እዚህ አገር ከብት ወደ መጣበት ደጅ ሲመለስ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ልጄ፣ ዒዳሽ ዛሬ ማታ አይደለም እንዴ የሚያልቀው?» አሉ።

«በርስዎ ይሁንብኝ አባባ፣ በጨረቃ ይቁጠሩልኝ» አለች።

ሽማግሌው ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ፤ አሥር ላይ ሲደርሱ ዓሪፍን ዞረው አዩት። ጊደሯ ለሙባረክ የተላከችው ጥር ላይ፣ ሴቲቱ ለጋብቻ በማትጠየቅበት በዒዳዋ መሀል ነበር።

ሁሪያ ገመዱን ዓሪፍ በር ላይ አሰረች። ከዚያ ሌላ የምትሄድበት የላትምና ወደ ነኢማ ቤት ሄደች። ኢብቲሳም ሮጣ አቀፈቻት፣ ነኢማ ፊቷን አዞረችባት። ሁሪያ ጓዳ ገብታ ጫማዋን አወለቀች፤ ሶሉ ላይ ሁለት ኩርንችት ተሰክተው ቀርተዋል። አልነቀለቻቸውም።