የአቶ ጃታኒ ውሃ አይፈላም

እንኳን ደስ ያላችሁ! ዛሬ ውሃው አልፈላም! ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተጣደ፤ ሦስት ሆነ፣ አልፈላም፤ አራት ሊሆን ሲል ከሊበን ገጠር የመጡት፣ ዲዳ የሚባሉት ሽማግሌ ከክሊኒኩ ወጡና «ይሄ ውሃ የተረገመ ነው!» ብለው ጮኹ። እኔም ይህን ስሰማ ከሱቄ ደጃፍ ብድግ ብዬ እልል አልኩ። ጨርቅ ሲለካ የነበረው ባሌ ዓብዱልመጂድ ሜትሩን ከእጁ ጣለ።

«ምነው ቀድሪያ፣ ማን ወለደ?» አለኝ።

ማንም አልወለደም። ደስታው የአቶ ጃታኒ ነው። ነገሌን የማያውቅ ሰው ግር እንዳይለው ግን ከሥሩ ልጀምር።

አቶ ጃታኒ የከተማችን ድሬሰር ናቸው። ቁስል ያጥባሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ መርፌ ይወጋሉ። ጣልያን ከወጣ በኋላ ሙያውን ተምረው መጡ፤ ይኸው ሃያ ዓመት አለፋቸው። የኛ አገር ሰው ደግሞ መርፌ ይወዳል። ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ የመጣን ሰው ክኒን ብትሰጡት ይቀየማችኋል። ሆዱን ያመመውም፣ ከሚስቱ የተጣላውም፣ ከብቱ በድርቅ ያለቀበትም የሚለው አንድ ነው፤ «ልቤን ይጫነኛል፣ መርፌ ውጉኝ።»

አቶ ጃታኒ እምቢ አይሉም። «እሺ፣ መጀመሪያ መርፌው ይቀቀል» ይሉና ትንሿን ድስት ፕሪሙሱ ላይ ይጥዳሉ። ፕሪሙስ፣ በላምባ የሚነደው ምድጃ ማለቴ ነው፣ ደህና አድርገው ካልነፉት እሳቱ አይበረታም። እሳቸው ታዲያ ሁለት ጊዜ ብቻ ነፋ ነፋ አድርገው ይተዉታል። ከዚያ በርጩማቸውን ስበው በሽተኛው ፊት ይቀመጡና በኦሮምኛ ሰላምታ ይጀምራሉ።

«አካም? ናጋ?»

«ናጋ።»

«ልጆቹስ?»

«ናጋ።»

«ከብቱስ?»

«ናጋ።»

ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን የሰዉ መልስ ናጋ ነው፣ ሰላም ነው ማለት ነው። እሳቸውም አንድ ሳያስቀሩ ጠይቀው ሲጨርሱ «ናጋህን ሰማሁ። በል አሁን ውሃው እስኪፈላ እውነቱን ንገረኝ» ይላሉ።

ውሃው የት ይፈላል! ሰውየው ስለ ሆዱ ይጀምራል፣ ወደ ወንድሙ ይሻገራል፣ መጨረሻ ላይ ለራሱም ነግሮት የማያውቀውን ይናገራል። አንድ ጊዜ ዳዳቻ የሚባል ሰው ሚስቱን እየጎተተ መጥቶ «እሷን ይውጉልኝ፣ ምላሷ ላይ!» አለ። ሚስትየው ቀበል አድርጋ «እሱን ደግሞ ጆሮው ላይ!» አለች። ሁለቱም እስከ እኩለ ቀን ውሃ ሲጠብቁ ዋሉ። ሳይወጉ አንድ ጥላ ይዘው ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔም ሄጄ አውቃለሁ። ልጄን ቀብሬ እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ጊዜ ነው። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ብቻ ስነሳ መርፌውን ረስቼው ነበር፤ እሳቸውም አላስታወሱኝም።

ባለፈው ጥር ባለቤታቸው ጠጂቱ በወባ ሞቱ። አቶ ጃታኒ በአራተኛው ቀን ሥራ ገቡ። «አካም?» ሲሏቸው «ናጋ» ይላሉ። ይሄ አላስደነገጠንም። ያስደነገጠን ውሃው ነው። መፍላት ጀመረ! ፕሪሙሱን እንደ መኪና ጎማ ይነፉታል፣ ውሃው ይንተከተካል፣ ወጋ ያደርጉና «ቀጥል!» ይላሉ። ሰዉ የለመነውን መርፌ አግኝቶ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ኋላማ ጭራሽ ከቤት መውጣት ተዉ።

ልጃቸው ዲንኪቱ ከምትኖርበት ከአሬሮ መጣች። «እትዬ ቀድሪያ» አለችኝ፣ «አባቴ አይበላም፣ አይናገርም። ሐሙስ በጭነት መኪናው ይዤው እሄዳለሁ። ሥራውም ይቅር፤ እዚያ ጥላ ሥር ይቀመጣል።»

«ጥላ ሥር ተቀምጠው ምን ሊሆኑ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? እዚህ ሲያልቅ ልየው?»

ትናንት፣ ረቡዕ መሆኑ ነው፣ ቤታቸው ሄጄ «አቶ ጃታኒ፣ ፕሪሙሴ ተበላሽቷል፣ ይዩልኝ» አልኳቸው። የሰው ችግር ሲሰሙ መቀመጥ አይችሉም፤ ተነስተው ተከተሉኝ። ሱቅ ውስጥ ድስት ጥጄ ነበር የጠበቅኳቸው። በርጩማ ሰጠኋቸውና ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ዓብዱልመጂድ ጀርባውን ሰጥቶን አንዱን ጨርቅ እየፈታ ያጥፋል፣ እያጠፈ ይፈታል።

«አካም? ናጋ?» አልኩ።

«ናጋ።»

«ዲንኪቱስ?»

«ናጋ።»

«ቤቱስ?»

ፕሪሙሱን አዩት። «ይሄ መች ተበላሸ? አልነፋሽውም እንጂ።»

«አዎ።»

«እንዲህ ሆኖ ውሃው አይፈላም እኮ።»

«አውቃለሁ። ናጋዎን ሰማሁ። እስኪፈላ እውነቱን ይንገሩኝ።»

የሚስቁ መስሎኝ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«መስከረም ላይ ጠጂቱ ልቤን ይጫነኛል አለችኝ» አሉ። «ቀኑን ሙሉ የሰው ነገር ስሰማ ውዬ ደክሞኝ ነበር። አገሩን ሁሉ አስቀምጬ ስጠይቅ የኖርኩ ሰው፣ እሷን የቫይታሚን መርፌ ቶሎ ወግቼ አስተኛኋት። ደግማ አልነገረችኝም። የገደላት ወባው ነው፤ መርፌው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ምን ልትለኝ እንደነበረ አላውቅም። ሰው ፊቴ ሲቀመጥ እሷ ትመጣብኛለች።»

ማጽናኛ ቃል አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። እሳቸው እኔን ያን ጊዜ «አይዞሽ» አላሉኝም፤ ሰሙኝ እንጂ። አለቀሱ። እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት ድረስ ስለ ጠጂቱ አወሩኝ፤ አንዳንዱ ነገር የሚያስቅ ነበር። በመጨረሻ አፍንጫቸውን ጠርገው «ፕሪሙሱን እንግዲህ ንፊውና ሻይ እንኳን አጠጪኝ» አሉ።

ዛሬ ጠዋት ለዲንኪቱ «የክሊኒኩን ቁልፍ አስረክቤ እመጣለሁ» ብለው ወጡ። ክሊኒኩ ከሱቄ ፊት ለፊት ስለሆነ አያቸዋለሁ። በሩ ላይ ሽማግሌው ዲዳ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። አቶ ጃታኒ ቁልፉን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ፣ ከፈቱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

«መርፌውስ?» አልኳቸው ዲዳን።

«የታለ! ጉልበቴን ብዬ መጥቼ ስለ ልጄ ስለ ሁቃ አስለፈለፈኝ። ሰባት ዓመት ስሙን ያልጠራሁትን ልጅ!» ትንሽ ራቅ ካሉ በኋላ ተመለሱ። «አንቺ መጻፍ ተምረሻል አይደል? ለሁቃ ደብዳቤ ጻፊልኝ።»

ወዲያው ለዲንኪቱ ልነግራት ልሮጥ ነበር። ግን ምናልባት የስንብት ጨዋታ ብቻ ቢሆንስ? ሦስት ሰው እስኪገባ ልጠብቅ ብዬ፣ በሩን እያየሁ ይህን እጽፋለሁ። ሁለተኛው ሳይወጋ ወጣ። ሦስተኛዋ አሁን ገባች፤ በመስኮቱ አቶ ጃታኒ በርጩማቸውን ሲስቡ ይታየኛል!

ዲንኪቱ ግን መኪናው ጋ ናት፤ የአባቷን ፍራሽ መኪናው በጫነው እህል ላይ አስራዋለች። ክላክሱም ጮኸ። ዓብዱልመጂድ፣ ሱቁን እይልኝ፣ ያ ፍራሽ መውረድ አለበት፣ ሄድኩ!