ሞግዚቷና የወንድሟ ሳንባ

በምትሠራበት ቤተ ሙከራ «ሞግዚቷ» ይሏታል። ልጅ የላትም፤ የምታሳድገው ሕዋስ ነው። ከሰው አፍንጫና ከሰው ሳንባ የተወሰዱ ሕዋሳትን በየሳህናቸው ትመግባለች፤ እሑድም አይቀርላትም። ለሳምንታት ስትንከባከባቸው ከርማ ተመራማሪዎቹ መጥተው ቫይረስ ያንጠባጥቡባቸዋል። ቫይረሱ አንድ ነው፤ ከአፍንጫዎቹ ብዙው ይተርፋል፣ ሳንባዎቹ ያልቃሉ። እሷም ሳህኑን ጥላ እንደገና ከሀ ትጀምራለች።

አንድ የጉንፋን ሰሞን እሷንም ይዟት ሲያስነጥሳት ሰንብቶ ለቀቃት። አብሯት የሚኖረውን ታላቅ ወንድሟን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ግን የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ አገኘችው። ሆስፒታል አስገባችው። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ሥራ ሆነ ኑሮዋ። ደከመኝ ለማለት እንኳ ደከማት።

«አንቺ» አላት አንድ ቀን፣ የኦክስጅን ጭንብሉን ገለጥ አድርጎ። «ያንድ ቤት ጉንፋን አይደል እንዴ? አንቺ አስነጥሰሽ ተነሣሽ፤ እኔን ምን አድርጌው ነው እንዲህ የጣለኝ?»

«ጭንብሉን መልስ፣ ጋሼ፤ እነግርሃለሁ።» አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። «አፍንጫ ደጃፍ ነው። ያገኘው ሁሉ ሲነካካው ስለሚውል ዘቡ አያንቀላፋም። አንዱ ሕዋስ ሲጠቃ ለጎረቤቶቹ ይጮኻል፤ እነሱም ቶሎ በራቸውን ይቀረቅራሉ። ሳንባ ግን ጓዳ ነው፣ ስስ። እዚያ ጩኸቱ ይዘገያል።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በይኛ!»

«ጅቡ መች ሄደና! ውሻው ደግሞ ዘግይቶ ሲነቃ ቤተሰቡንም ይነክሳል። አሁን ከሚያፍንህ ግማሹ የራስህ ዘብ ነው።»

ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ጀርባውን እያሻሸች ጠበቀችው።

«ታዲያ ያንቺ ደጃፍ ላይ ሲቀር የኔ እንዴት ጓዳ ገባ?»

ዕድሜው፣ ሲጋራው፣ ዘመን ሙሉ የማገው የጨርቅ ብናኝ፤ ሁሉም በልቧ አለፈ። «እሱን እንኳ እርግጡን አላውቅም» አለችው።

የሆስፒታሉ ሐኪም የዘቡን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ጀመረችለት። እያደር ትንፋሹ ተመለሰ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ቤት ሲገባ ደረጃውን በሁለት ዕረፍት ወጣ። ካፖርት መስፋት ቀረበትና ቁልፍ መትከል፣ ጠርዝ መቀምቀም ያዘ። ጨርቁን ከታች የምታወጣለት እሷ ናት፣ ከሥራ ስትመለስ። እራት ሲበሉ አንዳንዴ እሷ በተቀመጠችበት ሸለብ ያደርጋታል፤ እሱም ሳህኑን ከእጇ ቀስ ብሎ ይወስድላታል።